አውሮፕላኑ የዋጣት ፊደል

መልእክቱ ሲደርሰኝ ከቅዳሴ ተመልሼ ደጃፍ ላይ ጫማዬን እያወለቅኩ ነበር። ፍልሰታ ነው። ጋምቤላ በፍልሰታ ይዘንባል፤ ዝናቡ ግን እንደ አዲስ አበባው አያበርድም፤ ጭቃው ራሱ ይሞቃል። ስልኬን ቤት ትቼው ስለሄድኩ ልጄ «እማዬ፣ አማረች ድምፅ ልካልሻለች፣ ረጅም ነው» ብላ አቀበለችኝ። አማረች አጭር ልካ አታውቅም፤ ድሮም ሰላምታዋ እስኪያልቅ ካውያ ይበርዳል። ቁጭ ብዬ ከፈትኩት።

«አስካልዬ፣ እንዴት ከረምሽልኝ? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሻል? እኛ ጋ ብርዱ ነው፣ ጉልበቴን ገደለኝ። ብቻ… እንግዲህ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ለታይ አርፋለች። አርባዋም ወጥቷል አሉ። እኔም የሰማሁት ትናንት ነው። እዚህ ቡልቡላ፣ ከኮንዶሚኒየማችን ሥር ካለው ሱቅ የእህቷን ልጅ አገኘኋት። ቁርጥ እሷን! ደንግጬ ‹አንቺ ለታይ!› ብዬ ጠራኋት እኮ፤ ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። እና ምን አለችኝ መሰለሽ? አክስቴ ስለ ካውያ ቤት ስታወራ ‹አስካል የምትባል ነበረች፣ እጇን አንስታ ሸኘችኝ› ትል ነበር አለችኝ…»

የመጀመሪያው ድምፅ እዚያ ላይ አለቀ። ሁለተኛውን ኔትወርኩ እስከ ማግስቱ አላወርድ አለ። እኔም አንድ እግሬ ጫማ ውስጥ፣ አንዱ ባዶ፣ ደጃፍ ላይ ቀረሁ።

እጄን አንስቻለሁ፤ እውነት ነው። እየሸኘኋት ግን አልነበረም። «ሰምቼሻለሁ» ማለቴ ነበር፤ ያውም ሳልሰማት። ያን ጠዋት፣ አብረን በምንሠራበት ዘመን፣ ለታይ ከመንገዱ ማዶ ሆና ወይ «አልቻልኩም» ብላኛለች፣ ወይ «አልቻልኩትም»። በሁለቱ መካከል ያለችው አንዲት ፊደል ናት። የመጀመሪያው ከሆነ «ዛሬ ሥራ መግባት አልቻልኩም» ማለት ነው፤ እኔም የነገረችኝን አድርሻለሁ። ሁለተኛው ከሆነ ግን የያዘችው ከአቅሟ በላይ ሆኖባት፣ ድረሱልኝ ብላ መጥታ፣ እኔ እጄን አንስቼ መልሻታለሁ። ይህንን ሳላውቅ ነው ፀጉሬ የሸበተው።

ካውያ ቤት እንለው ነበር የምንሠራበትን። ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ሥር የነበረ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነው። ከአውሮፕላን የሚወርደው ብርድ ልብስና የወንበር ራስጌ ጨርቅ ታጥቦ ይመጣልናል፤ እኛ እንተኩሰዋለን፣ አጥፈን እንደረድረዋለን። የስንቱን አገር መንገደኛ ያሞቀ ብርድ ልብስ በእጃችን አልፏል፤ ከእኛ ግን አውሮፕላን ላይ የወጣች አልነበረችም። አማረች አንዱን ብርድ ልብስ አንስታ አፍንጫዋ ላይ ታደርግና «ይሄ ከሮም ነው የመጣው፣ ሸተተኝ» ትላለች። «ታጥቧል እኮ» ስንላት፣ «ሮም በሳሙና ይለቃል እንዴ?» ትለናለች። ሰማያዊ ገዋን ነበረን፤ ከሥሩ ጉርድና ሸሚዝ፣ እግራችን ላይ ኮንጎ ጫማ። ሻሻችንን ግን የምንመርጠው ራሳችን ነን። ለታይ ብርቱካናማ ነበር የምትወደው፤ በእንፋሎቱ መሐል ፊቷ ሳይታይ ሻሿ ይታያል። እኔ ነጭ፣ ሁልጊዜ ነጭ። አማረች «አስካል ካውያ ቤት የገባችው ለመመንኮስ ነው» እያለች ታሾፍብኝ ነበር።

ያኔ ቦሌ ዝምተኛ ነበር። አስፋልቱ ሰፊ፣ መኪናው ጥቂት፣ በግራና በቀኝ አበባ ከአጥራቸው የሚፈስስ ቪላዎች። ከማረፊያው ወዲያ ያለው ቡልቡላ ደግሞ ስንዴና ጤፍ፣ አለፍ ሲሉ ሽምብራ። የቡልቡላ ሴቶች ወተትና እሸት ተሸክመው መጥተው ከካውያ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ውይይት ታክሲ ከሚቆምበት ማዕዘን ላይ ይቀመጣሉ። ሻይ በዳቦ ስሙኒ ነበር፤ እስር እሸት ሽምብራ ደግሞ ዐሥር ሳንቲም። ስኳር በቀበሌ በራሽን በሚታደልበት በዚያ ዘመን ማዕዘኗ ላይ የነበረው ሻይ ቤት ስኳሩን ከየት እንደሚያመጣ ማንም አይጠይቅም፤ ማንኪያዋን ያማስላሉ፣ ዝም ብለው ይጠጣሉ። አሁን ሳስበው የዚያ ሻይ ጣፋጭነት ግማሹ ባለመጠየቁ ነው።

ዘበኛችን ጋሽ ሙዘይን ሬዲዮ ነበራቸው። ባትሪው ሲደክም አውጥተው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፣ ትንሽ ነፍስ ዘርቶ ይዘፍናል። ዘፈኑ ልብ የሚወስደው ቦታ ላይ ሲደርስ ግን አውሮፕላን ይነሳል። እስከ ዛሬ የዚያን ዘመን ዘፈኖች የማውቃቸው መሐላቸው ተቆርጦ ነው። እዚህ ጋምቤላ አንዱን በሬዲዮ ሙሉውን ስሰማው፣ ያን መሐሉን እንደ ባዕድ ነገር ጆሮዬ አልቀበል ይለዋል።

ይህን ካላስረዳሁ ቀጣዩ አይገባም፤ የካውያ ቤት ሰው በአውሮፕላን ድምፅ ላይ አይናገርም። ማጉረምረሙ ሲጀምር ያለበት ፊደል ላይ ቀጥ ይላል፤ አፉን እንኳ ሳይዘጋ ይጠብቃል፤ ሲያልፍለት ካቆመበት ይቀጥላል። ሻይ ቤቱም፣ የእሸት ሻጮቹም፣ ታክሲ ጠባቂውም እንደዚያው። ከሌላ ሰፈር የመጣ ሰው ሲያየን ይስቅብን ነበር። ጋሽ ሙዘይን አንድ ጣታቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው ነው የሚጠብቁት፤ ጣታቸው ሲወርድ መናገር ተፈቀደ ማለት ነው። አማረች ብቻ በዚያ ድምፅ መሐል አለቆቻችንን ሁሉ በስም እየጠራች ትሰድባለች፣ እፎይ ትላለች። እኔ «ሰላም ለኪ» እደግማለሁ። ለታይ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ የምትለውን ግን ጠይቄያት አላውቅም። ጠንቃቃ ነኝ፤ የሰው ነገር ውስጥ አልገባም፤ ሰው ያላለውን አልጨምርም፣ ያለውን አልቀንስም ብዬ እኮራ ነበር።

አንድ ቀን አማረች ክንዷን በካውያ ነካችውና ጮኸች። የክፍላችን ኃላፊ እትዬ ዘነበች፣ ሁለት ልጅ የቀበሩ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሴት ነበሩ። ቅባቱን እያቀበሏት «ቻል አድርጊው» አሏት።

«ምኑን ነው ቻል የማደርገው እትዬ? ተላጥኩ እኮ!»

«ቻይው መች አልኩሽ? ቻል አድርጊው ነው ያልኩሽ።»

«እና ምን ለየው?»

«ቻል አድርጊው ለካውያ ነው። ለጥርስ ሕመም፣ ለጠባብ ጫማ። ቻይው የምልሽ ቀን እንዳይመጣ ጸልዪ።»

ሳቅን። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን የጠረጴዛችን ጨዋታ ሆነ። አንዷ አንድ ቃል ትጥላለች፣ እትዬ ዘነበች ለምን እንደሚሆን ይፈርዳሉ። ዋጥ አድርጊው የሚባለው ለንግግር ነው አሉ፤ ሰው ሲሰድብሽ፣ መልሱ ምላስሽ ላይ ሲደርስ። ሐዘን አይዋጥም፤ ቢውጡትም ተመልሶ ይመጣል። ግፊው ለኑሮ ነው፤ ኑሮ እንደ ቆመ መኪና ነው፣ ካልገፉት አይሄድም። ጠንከር በይ የሚሉሽ ሊያግዙሽ ያልፈለጉ ሰዎች ናቸው ሲሉ አማረች ካውያዋን ጥላ አጨበጨበች። ጋሽ ሙዘይን አንገታቸውን በመስኮት አስገብተው «እኛ ሙስሊሞቹ ሰብር ነው የምንለው። ሰብር አድርጉ» አሉ።

«እሱ የቱ ነው ጋሽዬ? ታገሺ ነው ቻይው?» አለቻቸው አማረች።

ጋሽ ሙዘይን አሰቡ። «ስትጀምሪው ታገሺ ነው። ሲከርም ቻይው ይሆናል።»

«ልመጂውስ?» አልኩ እኔ። ዝም ከምል ብዬ ነው የጠየቅኩት።

እትዬ ዘነበች ካውያቸውን አቁመው አዩኝ። «እሱን ለሰው አትበይ፣ ልጄ» አሉኝ። ሌላ ማብራሪያ አልሰጡም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ያን ጊዜ ለታይ ቀስ ብላ «ታገሺ የሚባለውስ ለማን ነው?» አለች።

«ታገሺ የሚመጣ ነገር ላለው ነው» አሉ እትዬ ዘነበች። «ልጅ እስኪወለድ፣ ክረምት እስኪወጣ፣ የሄደ እስኪመለስ። ቻይው ግን የሚመጣ ለሌለው ነው። ያለው ይኸው ነው ማለት ነው።»

ለታይ አጥፋ የጨረሰችውን ጨርቅ ዘረጋችውና እንደገና አጠፈችው። «እኔ የትኛዋ ነኝ እትዬ?»

ባሏ ሐዱሽ ረጅም መስመር የሚነዳ ሾፌር ነበር። አንድ ጠዋት ጭኖ ወጣ፤ መኪናውም እሱም በዚያው ቀሩ። ዘመኑ ሰው ወጥቶ የሚቀርበት ነበር፤ የት እንደሚጠየቅ የሚያውቅም የለም፣ የሚያውቅም አይናገርም። ይኸው ሁለት ዓመት ሆኗት። ሁለት ዓመት ሙሉ እኛም፣ ጎረቤትም፣ ቄሱም አንድ ቃል ነው ያልናት፤ ታገሺ።

«እኛ አገር ሰው ሲሞትብሽ ‹ጽንዓት ይሃብኪ› ይሉሻል» አለች፣ ዐይኗን ከጨርቁ ሳታነሳ። «እናንተም ያጽናሽ ትላላችሁ፤ ቃሉ ያው ነው። እኔን ያጽናሽ እንዳይሉኝ አልሞተም። እንኳን ደስ ያለሽ እንዳይሉኝ አልመጣም። ቃል የሌለኝ ሰው ሆንኩ እኮ፣ አስካል።»

እኔን ነው የጠራችው። ከሁላችን መርጣ ስሜን ነው ያነሳችው። ምን እንደምላት ሳስብ አውሮፕላን ተነሳ፤ ሁላችንም ቀጥ አልን፤ ሲያልፍ ካቆምንበት የቀጠለ አልነበረም። የዚያን ጊዜ እፎይ ማለቴን አልረሳውም።

ያ ጠዋት የሆነው ከመስቀል በኋላ ነው። አደይ አበባ ገና አጥሩ ሥር አለ፣ ሰማዩ እንደታጠበ ነው። ተራው የእኔ ስለነበር ማንቆርቆሪያውን ይዤ ለሻይ ወጣሁ። ለታይ ከመንገዱ ማዶ፣ እሸት ሻጮቹ አጠገብ ቆማለች። ገዋኗን አልለበሰችም፤ ነጠላ አጣፍታለች፤ እግሯ ላይ ለእሑድ የምታደርገው ተረከዝ ያለው ጥቁር ጫማ ነበር። ይህን ሁሉ አይቻለሁ። አይቼ ግን «ዛሬ አምሮባታል» ብዬ ነው ያሰብኩት።

«አስካል!» አለችኝ። «ለእትዬ ንገሪልኝ፣ አልቻልኩ…»

አውሮፕላኑ ተነሳ። እኔ እንደ ደንባችን ቀጥ አልኩ። ለታይ ግን አልቆመችም፤ ድምፁን እየሰማች፣ እያወቀች ጨረሰችው። አምስት ዓመት ከእኛ ጋር የኖረች ሴት አውሮፕላን ላይ ተናገረች። ይህ ብቻውን ማንቆርቆሪያዬን አስጥሎ መንገዱን ሊያሻግረኝ ይገባ ነበር። አፏ ሲዘጋ አየሁ። እጄን ከፍ አድርጌ «እሺ» አልኳት። ጥቂት አየችኝ። ከዚያ ወደ ታክሲው ዞረች።

ገብቼ ለእትዬ ዘነበች «ለታይ ዛሬ አልቻለችም» አልኳቸው።

«አሟት ነው?»

«ሳያማት አይቀርም» አልኩ። ሰው ያላለውን አልጨምርም የምለው ሴትዮ! የጨመርኩት ለደግ ነበር፤ ቀሪ እንዳይጻፍባት ብዬ። በእኔ ቃል ሁሉም አረፈ። ታማ ነው፣ እሑድ እንጠይቃታለን ተባለ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ብርቱካን ይዘን፣ አማረችና እኔ፣ ገርጂ ወደ ተከራየችው ቤት ሄድን። በሩ ተቆልፏል። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ወጥተው አዩን፤ ብርቱካኑን አዩት።

«እናንተ ናችሁ የካውያ ቤት ልጆች?»

«አዎ እማማ። ለታይ አሟት ነበር ብለን…»

«ምን ያማታል! መርዶዋን ሰምታ ነው እንጂ።»

በእኛ ደንብ መርዶ ሲነጋጋ፣ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ሐዘንተኛውን ደግፎ ይዞ ነው የሚነገረው። ለለታይ ግን አንድ የባሏ ባልንጀራ፣ ሾፌር፣ ሲያልፍ ከደጃፍ ላይ በቁሟ ነገራት። ሐዱሽ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ያኔ በወጣበት ሳምንት። አላለቀሰችም አሉ ወይዘሮዋ። በማግስቱ ማለዳ ዕቃዋን ለጎረቤት አድላ፣ አገሬ እህቴ ጋ ልሄድ ነው ብላ ወጣች። «ደግፌ ይዣት ‹የት ትሄጃለሽ፣ ቁጭ በይና አልቅሺ› ብላት ‹ካውያ ቤት ደርሼ ነው የምሄደው፤ ልጆቹ ይስሙልኝ› አለችኝ» አሉን።

ይስሙልኝ።

አማረች በሩን ተደግፋ ተንሰቀሰቀች። እኔ አላለቀስኩም። ብርቱካኑን ለወይዘሮዋ ሰጥቼ እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ፤ መንገድ ላይ «አልቻልኩም፣ አልቻልኩትም» እያልኩ፣ የአፏን አዘጋግ ለመያዝ እየሞከርኩ። ሁለቱም «ም» ላይ ነው የሚዘጉት። ሞክሩት።

ከዚያ ለታይን አላየኋትም። ደብዳቤ ጻፍኩ፣ አድራሻውን በግምት፤ መልስ አልመጣም። እትዬ ዘነበች ነገሩን ሲሰሙ አልተቆጡኝም፤ «ታገሺ ስንላት ከርመን፣ ያጽናሽ የምንልበት ቀን ሲመጣ አጣናት» ብቻ አሉ። እሳቸውም ጋሽ ሙዘይንም ዛሬ የሉም። እኔ አገባሁ፤ ባለቤቴ አስተማሪ ነበርና ተመድቦ ጋምቤላ መጣን። እሱ ካረፈ በኋላም ልጄ እዚሁ ስለምትሠራ ቀረሁ። ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸው ነበር። «ያልሰማሽው አይቆጠርብሽም። አለመጠየቅሽ ግን…» ብለው ስግደት ሰጡኝ። ሰገድኩ። ፊደሏ ግን አልወጣችልኝም።

አንድ ጊዜ፣ ለሕክምና አዲስ አበባ ሄጄ፣ ያቺን ማዕዘን ልያት ብዬ በስልክ የሚጠራ መኪና ያዝኩ። ሾፌሩ ልጅ ደግ ነው፤ «እማማ፣ ካውያ ቤት የሚባል ካፌ አላገኘሁም፣ ሎኬሽኑን ይላኩልኝ» አለኝ። «ካፌ አይደለም የኔ ልጅ፤ ከአጥሩ ሥር የቆርቆሮ ቤት ነው» አልኩት። በመስተዋቱ አየኝና ፈገግ አለ። ዞርን፣ ዞርን። መስታወት የለበሰ ፎቅ፣ ከጎኑ ሌላ መስታወት የለበሰ ፎቅ፤ ስንዴው የነበረበት ኮንዶሚኒየም። ወርጄ በግምት አንድ ቦታ ቆምኩ። አውሮፕላን ተነሳ። እኔ ቀጥ ብዬ ቆምኩ፤ ሰዉ ሁሉ ግን እያወራ፣ ስልኩ ላይ እየሳቀ አለፈ። አንድም ሰው አልቆመም። ማዕዘኗ መጥፋቷ ያኔ ነው የገባኝ።

የአማረች ሁለተኛ ድምፅ በማግስቱ ወረደልኝ። «…እኔ እኮ ያን ቀን መስኮቱ ላይ ነበርኩ። አንቺን አይቼሻለሁ፣ ማንቆርቆሪያሽን ይዘሽ። እሷን ግን እንፋሎቱ መስታወቱን ሸፍኖት ሻሿን ብቻ ነው ያየሁት። ብርቱካናማውን። አንቺዬ፣ ያችን ፊደል ስንቴ ጠየቅሽኝ፤ እስከ ዛሬ ይህንን ይዘሽ ነው? ሸኘችኝ ብላሻለች እኮ! ተይው በቃ።» ተይው። ይህ ቃል ለምን እንደሚሆን እትዬ ዘነበችን ሳንጠይቃቸው ነው ያለፉት።

«ሸኘችኝ» ያለችው ለታይ ምሕረቷ ይሆናል፤ ወይም እውነትም እንደዚያ መስሏት ይሆናል። እሷ ካረፈች እኔ በምሕረቷ ማረፍ እችል ነበር። አማረች ሻሽ አየሁ ስትል ግን እኔ ነጠላ ነው ያየሁት፤ ሻሽ አላስታውስም። ነጠላዋ ከትከሻዋ ነበር ወይስ እንደ ሐዘንተኛ ፊቷ ድረስ ተጠምጥሞ? ያየሁትን እንኳ በቅጡ አላየሁም ማለት ነው።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የምታነቡ፣ እናንተ ያን ጠዋት በዚያች ማዕዘን የነበራችሁ፣ ከቡልቡላ እሸት ይዛችሁ የመጣችሁ እናቶች ወይም ልጆቻችሁ፣ ሻይ ቤቱ ደጃፍ የቆማችሁ፣ ወደ ስታዲየም ታክሲ ስትጠብቁ የነበራችሁ፣ ለታይ ከእናንተ ወገን ነበር የቆመችው። የአውሮፕላኑ ድምፅ ቃሏን ቢውጥብኝም አጠገቧ ለነበረ ሰው ሳይሰማ አይቀርም። ነጠላ ያጣፋች፣ ጥቁር ተረከዝ ጫማ ያደረገች፣ ቀጭን፣ በአውሮፕላን ላይ የተናገረች ሴት ካስታወሳችሁ፣ ያለችውን እንዳለችው ላኩልኝ። «ት» ነበረች ወይስ አልነበረችም? ታክሲው ውስጥ አጠገቧ የተቀመጣችሁም ካላችሁ፣ አልቅሳ እንደሆነ፣ «ያጽናሽ» ያላት ሰው ተገኝቶ እንደሆነ ንገሩኝ። እኔን ለማጽናናት ብላችሁ ግን ፊደል አትቀንሱልኝ። ነበረች ብትሉኝም እችለዋለሁ።